ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ምስክሩ ማን ነው?

በገንዳ ውሃ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን ድንጋይ ነው። ስለ ድንጋይ ለመስማት ማን ይሰበሰባል ብሎ የሳቀ ወዳጅ አለኝ፤ አዳራሹ ሞልቶ ሲያይ ምን እንደሚል እንጃ።

አንድ ሙዚየም ጥቁር ድንጋይ በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ «ይህ ከሰማይ የወረደ ነው» ብሎ ሲጽፍበት ትልቅ ነገር ተናግሯል። ይህ ድንጋይ ከምድራችን ተራሮች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፣ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፣ ምድር ከመሠራቷ በፊት የነበረ ነገር ተሸክሟል ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ማን ያጸድቀዋል? አብዛኛው ሰው «ባለሙያው፣ ቤተ ሙከራው» ብሎ ይመልሳል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ቤተ ሙከራ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ይናገራል። ከየት ማሳ ተነሣ፣ መቼ ወረደ፣ አጠገቡ ምን ነበረ የሚለውን ማሽን አይመልስም። ያንን የሚያውቀው ያነሣው ሰው ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ለዚህኛው ግማሽ ነው። ይህኛው ግማሽ የሚሠራው ደግሞ ለንደን ወይም አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን እዚሁ ማሳችሁ ላይ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከጎረቤት እንጀምር። የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ሲለይ እነግራችኋለሁ።

ጥቅምት 6 ቀን 2008 በአሜሪካ አሪዞና፣ ሌመን ተራራ ላይ ባለው ቴሌስኮፕ ሰማይ ሲቃኝ ያደረው ሪቻርድ ኮዋልስኪ አንዲት የምትንቀሳቀስ ነጥብ አየ። መንገዷ ሲሰላ ወደ ምድር የምትመጣ ሆነች፤ ለዚያውም በማግስቱ። አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ትንሽ አስትሮይድ፣ ማለትም በኅዋ የምትዞር ድንጋይ፣ ነበረች፤ 2008 ቲሲ3 የሚል ስም ተሰጣት። የሰው ልጅ ከሰማይ የሚመጣ ድንጋይን ሳይወድቅ በፊት በኅዋ ላይ አይቶ፣ የሚወድቅበትንም ቦታ አስቀድሞ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነው። የተባለው ቦታ የሰሜን ሱዳን በረሃ ነበር። ከእኛ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሰማይ ጉዳይ ይህ ርቀት የአንድ ሰፈር ነገር ነው።

ጥቅምት 7 ንጋት ላይ ድንጋዩ ከምድር 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ፈነዳ። ለሶላት የተነሡ ሰዎች ብርሃኑን አዩ፤ ሩቅ ሲበር የነበረ አብራሪም ብልጭታውን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም። ብዙ ሊቃውንት «እንዲህ በላይ ከፈነዳ ዱቄት ሆኖ ቀርቷል፤ የሚገኝ ነገር የለም» አሉ።

ከካሊፎርኒያ የመጣው ተመራማሪ ፒተር ጄኒስከንስና የካርቱም ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙአዊያ ሻዳድ ግን በዚህ አልተስማሙም። የመጀመሪያ ሥራቸውን ልብ በሉልኝ። ማሽን አላመጡም። ሄደው ሰው ጠየቁ። የት ቆመህ ነበር? ወደየት ዞረህ? ብርሃኑ ከየት መጥቶ ወደየት ሄደ? ጭሱ በየት በኩል ቀረ? በታኅሣሥ ወር 45 የሚሆኑ ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች በአውቶብስ ተጭነው ወደ በረሃው ሄዱ፤ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን ከአሸዋው ሳይነቅሉ በእግራቸው አሰሱ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ያገኘው ተማሪ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ በኋላ በተደጋገመ ፍለጋ ወደ 600 ቁራጮች፣ በድምሩ ከ10 ኪሎ በላይ ተሰበሰበ። ስሙም አቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ «አልማሃታ ሲታ»፣ ማለትም ጣቢያ ስድስት ተባለ። አሁን በዓለም ላይ ማንኛውም የዘርፉ ተማሪ ይህንን የሱዳን ባቡር ጣቢያ ስም ሳይጠራ አይመረቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ነጥቤ። ቁራጮቹ ሲመረመሩ ባለሙያውን ግራ ያጋባ ነገር መጣ። አብዛኞቹ ዩሬይላይት የሚባል ከሰል መሰል ካርቦንና ጥቃቅን አልማዝ ያለበት ብርቅ ዓይነት ናቸው። ከመካከላቸው ግን ፈጽሞ የተለዩ፣ የሌላ አካል ልጅ የሚመስሉ ድንጋዮች ተገኙ። በቤተ ሙከራ ብቻ ቢታይ መልሱ ቀላል ነበር፤ «እነዚህ ሌላ ጊዜ የወደቁ ናቸው፣ በስህተት ተቀላቅለዋል» ተብሎ ይዘጋ ነበር። ይህን ያስቀረው የእያንዳንዱ ቁራጭ ቦታ በሚገባ መመዝገቡ ነው። ቁራጮቹ በወደቁበት መስመር ላይ ትኩስ ሆነው መገኘታቸው ታውቋል፤ በኅዋ ጨረር የተፈጠሩ፣ በቶሎ የሚጠፉ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችም በውስጣቸው ሲለኩ በቅርብ የወረዱ መሆናቸው ታየ። ስለዚህ አንድ አስትሮይድ የተለያዩ ዓለማትን ፍርስራሽ በአንድ ላይ ተሸክሞ እንደሚዞር ታወቀ። በ2018 ደግሞ በስዊዘርላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአልማዞቹ ውስጥ የተቀበሩ ጥቃቅን ማዕድናትን አጥንተው፣ ድንጋዩ የተገነጠለበት ጥንታዊ አካል በሜርኩሪና በማርስ መካከል ያለ ትልቅነት የነበረው፣ ኋላ የጠፋ ፕላኔት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። የጠፋ ፕላኔት! ይህ ሁሉ ወሬ የተገኘው ተማሪዎች ድንጋይ ሲያነሡ ቦታውን ስለመዘገቡ ነው።

ወደ እኛ የበለጠ የሚቀርብ ሌላም አለ። በ1932 በካሰላ አውራጃ፣ በጋሽ ወንዝ ደለል ምድር አካባቢ ኾር ተሚኪ የተባለው ድንጋይ ወርዷል፤ ከመተማ በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ድንጋይ ኦብራይት ከሚባለው ወገን ነው። ኦብራይት ነጣ ያለ ነው፤ ብረቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ማግኔት ብዙም አይስበውም። «ሜትዮራይት፣ ማለትም ከሰማይ የወረደ ድንጋይ፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ማግኔት የሚስበው ነው» ብሎ ያጠና ሰው ቢያገኘው ኖሮ ወደ አጥር ይወረውረው ነበር። ይህን እዚህ የጠቀስኩት ቆይቼ ስለ ማግኔት ስናገር ቃሌን እንደ ማይሻር ሕግ እንዳትወስዱት ነው።

የአገራችን ስምም በዓለሙ መዝገብ ላይ አለ። በ1942፣ በእኛ 1934 ዓ.ም.፣ ሸዋ ውስጥ አንኮበር ላይ ድንጋይ ወርዶ «አንኮበር» ተብሎ ተመዝግቧል። በ1981 ደግሞ በሐረርጌ ጉርሱም ከ34 ኪሎ በላይ የሚመዝን ወርዶ «ጉርሱም» ተብሏል። ሁለቱም ኮንድራይት ከሚባለው ብዙ ከሚገኝ ዓይነት ናቸው። ወግ ነው፤ ድንጋዩ የወደቀበትን ቀበሌ ወይም ከተማ ስም ይወርሳል። መተማ ወይም ሽንፋ ወይም ኮኪት የሚል ስም በዚያ መዝገብ ላይ የለም። እንዲገባ ከፈለግን ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ታግሣችሁ ስሙኝ።

ሊቃውንት የገበሬን ምስክርነት መቀበል የጀመሩት ግን ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በ1790 ፈረንሳይ ውስጥ ባርቦታን በተባለ ስፍራ ድንጋይ ዘነበ፤ የከተማው ሹምና ብዙ ነዋሪዎች ፈርመው መሐላ የተሞላበት ሰነድ ላኩ። የተማሩት ሳቁባቸው። ሕዝብ እንዲህ ያለ ተረት በፊርማ ሲያጸድቅ ማየት ያሳዝናል ያለም ተገኘ። በ1794 ክላድኒ የተባለ ጀርመናዊ «እነዚህ ድንጋዮች ከኅዋ ነው የሚመጡት» ብሎ ሲጽፍም ብዙዎች አላገጡበት። በሚያዝያ 1803 ግን በኖርማንዲ፣ ሌግል በተባለች ከተማ አካባቢ ወደ 3,000 የሚሆኑ ድንጋዮች በቀትር ወረዱ። የፈረንሳይ መንግሥት ዣን-ባቲስት ቢዮ የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ላከ።

ቢዮ እንዴት እንደመረመረ ብትሰሙ ደስ ይላችኋል። መንደር ለመንደር እየዞረ ገበሬውን፣ ቄሱን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን ለየብቻ ጠየቀ፤ ቃላቸው ተማክረው የሰጡት እንዳይሆን። ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ በካርታ ላይ አሰፈረ፤ ቅርጹ ረዘም ያለ ሞላላ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎም በአካባቢው ያሉ የብረት ማቅለጫዎችንና የማዕድን ጉድጓዶችን ሁሉ አየ፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ወይም ዝቃጭ ከእነሱ የሚወጣ እንደሆነ ጠየቀ። የለም ሆነ። አያችሁ፤ «ከዚህ አይደለም» ብሎ ማስረዳት «ከዚያ ነው» ከማለት ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ የተማረው ዓለም አፉን ያዘ።

ቢዮ የሠራውን ሥራ መተማ ላይ ልንሠራ ብንነሣ ከሁሉ የሚከብደን ይህ ሁለተኛው ነው። ለምን ቢሉ፣ የእኛ ምድር በሐሰተኛ የሰማይ ድንጋይ የተሞላ ነው። ከፊቴ ያሉትን ሦስቱን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ይህ ጥቁሩ ነው። ባሳልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የጎንደርን ደጋ ከገነባው እሳተ ገሞራ የመጣ፣ ወንዝ ያወረደው። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ማግኔቱንም ትንሽ ይስባል፤ ምክንያቱም ማግኔታይት የሚባል ማዕድን አለበት። ግን እዚህ ጥግ ላይ እዩ፤ ትናንሽ ቀዳዳዎች። ጋዝ የወጣባቸው ናቸው። የሰማይ ድንጋይ እንዲህ ያለ አረፋ በውስጡ የለውም ማለት ይቻላል። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ይዞ የመጣን ሰው መቶ ጊዜ ብታሰናብቱት መቶውንም ጊዜ ትክክል ትሆናላችሁ ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

ሁለተኛው ይህ ቀላ ያለው ነው፤ ከዝናብና ከሙቀት ብዛት አፈር ውስጥ የሚቋጠር የብረት ድንጋይ። እንዲህ አድርጌ ያልተቀባውን የሴራሚክ ጀርባ ስቧጥጥበት፣ እዩት፣ ቀይ መስመር ጣለ። ሄማታይት ነው። ግራጫ ጥቁር መስመር ቢጥል ማግኔታይት እንለዋለን። ትኩስ የሰማይ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀለም አይጥልም። ይህን ሙከራ ቤት ስትሠሩ የምትቧጥጡት ኋላ የሚፈለገውን ጥቁር ቅርፊት እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው የዚህ አገር ጣጣ ነው። የዛገ ብረት ስብርባሪ። መተማ ላይ መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ወድቀዋል። በኅዳር 1940 ደግሞ ብርጋዴር ስሊም የተባለው እንግሊዛዊ ከሕንድ ብርጌዱ ጋር ጋላባትንና መተማን አጥቅቷል፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከላይ ቦምብ ጥለዋል። ሁለት ጦርነት በአንድ መሬት ላይ። ስለዚህ ገበሬ ሲያርስ ከባድ፣ ዝገታም፣ ማግኔት የሚስበው ነገር ቢያወጣ ከኅዋ ሳይሆን ከመድፍ መምጣቱ ነው የሚጠረጠረው። «ከሰማይ ወረደ» ቢባልም በአንድ በኩል ውሸት አይደለም፤ አውሮፕላን ላይ ነበር የመጣው። ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልናገር፦ ክብ ወይም ሞላላ ብረት ካገኛችሁ አትንኩ፣ አትቀጥቅጡ፣ ልጆች አርቁ፣ ለፖሊስ አስታውቁ። ለሙዚየም ሲባል እጅ ማጣት የለም።

ከእነዚህ ሦስቱ ጋር የማይመሳሰል ድንጋይ ቢገኝስ? የሰማይ ድንጋይ ከአየር ጋር ሲፋተግ ላዩ ይቀልጥና ስስ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይወፍር ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ግራጫ ነው። አንዳንዱ ላይ ሊጥ በአውራ ጣት እንደተጫነ ያለ ጎድጎድ ይታያል። ጥግ ተሰብሮ በማጉያ መነጽር ብታዩት ደግሞ የብረት ብልጭታዎችና ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ድቡልቡል ነገሮች ልታዩ ትችላላችሁ፤ ኮንድሩል ይባላሉ፤ በምድር ድንጋይ አይገኙም። እነዚህን ያየ ሰው ልቡ ቢመታ አይፈረድበትም። ግን አትወስኑ። ይህ «ለባለሙያ ይላክ» ለማለት ብቻ የሚበቃ ነው።

ስለ ማግኔት ቅድም አስጠንቅቄያችሁ ነበር። ተራ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ማቅረብ አይከፋም። የስልክ ድምፅ ማጉያና የኮምፒውተር ዲስክ ውስጥ የሚገኘውን ኃይለኛ ትንሽ ማግኔት ግን ድንጋዩ ላይ አታስነኩ። በድንጋዩ ውስጥ ፕላኔቶች ሲፈጠሩ የነበረው የማግኔት ኃይል ተመዝግቦ ይኖር ይሆናል፤ ያ ማግኔት በአንድ ጊዜ ይደመስሰዋል። አይታያችሁም፣ አይሰማችሁም፤ ማስረጃው ግን ጠፍቷል።

ቤተ ሙከራ የደረሰ እንደሆነ ቁራጩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሳስቶ ይቆረጥና በማይክሮስኮፕ ይታያል። በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራ መሣሪያ ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ውስጥ ምን ያህል ብረት፣ ምን ያህል ማግኒዥየም እንዳለ ይለካል፤ ድንጋዩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ብረቱ ውስጥ ኒኬል ይፈለጋል፤ የሰማይ ብረት ኒኬል የበዛበት ሲሆን አንጥረኛ ከአፈር ያወጣው ብረት ብዙውን ጊዜ ኒኬል አይኖረውም። ጉዳዩ አሁንም ካልጠራ የኦክስጅን አይሶቶፕ፣ ማለትም ክብደታቸው የሚለያይ የኦክስጅን ዓይነቶች ድርሻ፣ ይለካል። የምድር፣ የማርስ፣ የየአስትሮይዱ ኦክስጅን ድርሻ ብዙውን ጊዜ ይለያያል፤ ይህን ማንም ሊያጭበረብር አይችልም።

ከዚያ በኋላ ሰነዱ የሜትዮራይት ጥናት ዓለም አቀፍ ማኅበር ወዳቋቋመው የስያሜ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ስም ያጸድቃል፣ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ እስካሁን የጸደቁት ከ70,000 በላይ ናቸው። ግዴታ አለበት፦ ከድንጋዩ 20 ግራም ወይም ከጠቅላላው 20 በመቶ፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ ጥናት በሚፈቅድ እውቅና ባለው ተቋም መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆጣል። «ለምን ይቆረሳል?» ይላል። እኔም ብሆን ስስቴ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የተቆረሰው ቁራጭ በሌለበት ድንጋዩን ማንም መልሶ ሊመረምረው፣ ቃሉን ሊፈትሸው አይችልም፤ ያልተፈተሸ ቃል ደግሞ የምስክር ወረቀት አይባልም። በገበያ የሚሸጡትን ባለ ማኅተም «ሰርተፍኬቶች» በዚህ መዝኗቸው፦ ድንጋዩ መዝገቡ ላይ ስም አለው ወይ? የተቆረሰው የት ተቀመጠ? መልስ ከሌለ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው።

ስም አለው፣ ተመርምሯል፣ ሁሉም ተሟልቷል፤ አገር ግን የለውም የሚባልበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 2025 ኒው ዮርክ ላይ ሶዝቢስ የተባለው የጨረታ ቤት ከማርስ የመጣ 24 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ድንጋይ በ5.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በምድር ላይ ከተገኙት የማርስ ድንጋዮች ሁሉ ትልቁ ነው። የተገኘው በኒጀር በረሃ እንደሆነ ተነገረ። ስሙ ግን «ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ» ከሚል ቃልና ከአንድ ቁጥር በቀር ምንም አይናገርም፤ መንደር የለ፣ ኮረብታ የለ። በነጋዴ እጅ አልፈው ትክክለኛ ቦታቸው ያልታወቀ በሺዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች የሚሰጣቸው የወል ስም ነው። የኒጀር መንግሥት ድንጋዩ ከአገር እንዴት እንደወጣ እንዲጣራ አዘዘ። በቤተ ሙከራ በኩል አንድም ጥያቄ አልነበረም፤ ማርስነቱ እርግጥ ነው። የጎደለው የእኔ የምለው ያኛው ግማሽ ነው።

ሶማሊያ ደግሞ የበለጠ ያስቆጫል። በኤል ዓሊ አካባቢ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ድንጋይ ነበረ፤ የግመል እረኞች ለብዙ ትውልድ ያውቁት ነበር፤ ቢላ የሚስሉበት ነበር። ከእሱ የተቆረጠ 70 ግራም ካናዳ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ፤ በ2022 በተፈጥሮ ውስጥ ታይተው የማይታወቁ ማዕድናት ተገኙበት ተባለ። አንደኛው «ኤላሊአይት» ተብሎ በአካባቢው ስም ተሰየመ። ሳይንሱ አተረፈ። ድንጋዩ ግን ከአገሩ ወጥቶ ቻይና እንደገባና ገዢ እንደሚፈለግለት በወቅቱ ተዘግቧል። እረኛው ቢላውን የሚስልበት አጣ፣ የአገሩ ሙዚየምም ድንጋዩን አላገኘ።

ታዲያ ድንጋይ ከአገር ፈጽሞ አይውጣ ልል አይደለም። አንዳንዱ መሣሪያ ውጭ ነው ያለው፤ ግትርነት አያዋጣም። የጥንቷን ቅሪተ አካል ድንቅነሽን አስቡ። በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ለጥናት ወደ አሜሪካ ክሊቭላንድ ተወሰደች፣ ጥናቱ ሲያበቃ ተመለሰች፤ ዛሬ አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለችው። ያስመለሳት ሲወጣ የተያዘ ውልና መዝገብ ነው። ድንጋይም ሲላክ እንዲሁ ነው፦ ማን ወሰደ፣ ስንት ግራም፣ ለምን ምርመራ፣ መቼ ይመለሳል፣ የተቆረሰው የት ይቀመጣል፤ ሁሉም በጽሑፍ፣ በፊርማ። በአገር ውስጥ የሚጠየቁት አሉ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ትምህርት ክፍል፣ የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ እንጦጦ ላይ ያሉት የኅዋ ሳይንስ ባለሙያዎች፤ በቅርስ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን። እዚህ በዞናችን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ መጀመር ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያህል የሚሆን ነገር ነው? መተማ ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ የት ታይቶ ያውቃል?» የምትሉ ካላችሁ መልሱ ሽንፋ ወንዝ ዳር ነው። መጋቢት 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት ስለ ሽንፋ-መተማ አንድ የጥንት ሰፈር ጥናት ወጣ፤ የመራው ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ካፐልማን ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ ቁፋሯቸውን ንብርብር ለንብርብር እየለዩ አፈሩን ሲያጥቡ፣ ከሰው ፀጉር የቀጠኑ የብርጭቆ ስብርባሪዎች አገኙ። ኬሚካዊ ይዘታቸው ሲለካ ከ74,000 ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ ጋር አንድ ሆነ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአየር ተጉዘው እዚህ የወረዱ ናቸው። በዚያ ዘመን ሽንፋ ዳር የነበሩ ሰዎች የዱር እንስሳት ያድኑ፣ የበጋው ድርቅ ወንዙን ወደ ኩሬ ሲያሳንሰው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር አጥንቱና የሰጎን እንቁላል ቅርፊቱ መሰከረ። ያ ብርጭቆ ብቻውን ላቦራቶሪ ቢሄድ «የቶባ ብርጭቆ ነው» ተብሎ ይመለስ ነበር። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ስለታወቀ ግን የሰው ታሪክ ሆነ። ከባዱ ሥራ በእናንተው አፈር ላይ አንዴ ተሠርቷል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን መተማ እንደ ሱዳን በረሃ የሰማይ ድንጋይ የሚለቀምባት ምድር አይደለችም። በረሃው ደረቅ ነው፣ አሸዋው ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁር ነጥብ ከሩቅ ይታያል፣ ሺህ ዓመትም ሳይበላሽ ይቆያል። የእኛ ክረምት ብረቱን ቶሎ ያዝገዋል፤ ዋልካ አፈራችን በበጋ ተሰንጥቆ የወደቀበትን ይውጣል፣ በክረምት ያብጥና ይደፍነዋል። ስለዚህ ተስፋችን አሮጌው ላይ ሳይሆን ዛሬ ወይም ነገ የሚወርደው ላይ ነው። እሱን ደግሞ የሚያየው ሌሊት ማሽላ የሚጠብቅ፣ ከብት ሲጠብቅ የሚያድር፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሜዳ ላይ የሚተኛ ሰው ነው።

ትልቅ ብርሃን ሰማዩን ሲያቋርጥ ካያችሁ «ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» አትበሉ። ብርሃኑ ከምድር ብዙ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚጠፋው፤ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ሳይበራ በጨለማ ነው የሚወርደው። ኮረብታው ጀርባ የመሰላችሁ ነገር ጋላባት ወይም ቋራ ወይም ከዚያ ሊርቅ ይችላል። የቆማችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ብርሃኑ በየትኛው ዛፍ ወይም ጣሪያ በላይ ተነሥቶ በየትኛው በላይ እንደጠፋ ያዙ፤ ነጎድጓዱ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተሰማ ቁጠሩ። በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው ድንጋይ መንገዱ የተሰላው ሾፌሮች መኪናቸው ውስጥ ባስቀመጧቸው ካሜራዎችና በመንገድ ላይ ካሜራዎች ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ የሱቅና የጉምሩክ ካሜራ አለ፤ ቅጂው ሳይጠፋ ማስጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ቆመው ያዩት ብቻ መስመሩን ያጠብባል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለ ዘመድ ደግሞ ያየውን ቢነግራችሁ ከሁሉ ይበልጣል።

ድንጋዩን ካገኛችሁት ሳትነኩት ከአጠገቡ ሳንቲም ወይም ክብሪት አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ስልኩ የቦታውን ቁጥር ይያዝ። ጉድጓድ ካለ እሱንም። ትኩስ የወረደ ድንጋይ ሳር ያቃጥላል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ልክ አይደለም፤ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኘው ይበልጣል። አትጠቡት፣ ዘይት አትቀቡት፣ ለማየት ብላችሁ በመዶሻ አትምቱት። በእጅ ከመያዝ ንጹሕ ፕላስቲክ ወይም ፎይል ይሻላል፤ የሰው ላብ በኋላ ለሚለካው ነገር እድፍ ነው። ዝናብ ከመጣ ግን ቆሞ ባለሙያ መጠበቅ የለም፤ አንሡትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

እዚህ ሙዚየም ቢመሠረት፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ቁም ሣጥን ቢዘጋጅ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ደብተር ይሁን እላለሁ። ድንጋይ ያስገባ ሁሉ ስሙ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ያየው ሰው ካለ ቃሉ፣ ፎቶው ይጻፍበት። ባሳልት የሆነውም ይጻፍ፤ ሄማታይት የሆነውም ይጻፍ። አንድ ሰው ባሳልት ይዞ መጥቶ «ይህ የሰማይ አይደለም፣ ምክንያቱም ይህ ቀዳዳ አለበት» ተብሎ በአክብሮት ከተመለሰ ሁለተኛ ጊዜ የተሻለ ነገር ይዞ ይመጣል። ተስቆበት የተመለሰ ግን አይመጣም፤ እውነተኛውን ያገኘ ዕለትም ለደላላ ነው የሚሰጠው። በመብረቅ የወረደ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል እየተባለ በጨለማ የሚሸጠው ድንጋይ የሚያድገው ሰው ወደ ባለሙያ መድረሻ ሲያጣ ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልግታ። በሩ አጠገብ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ከቤታችሁ ድንጋይ ይዛችሁ የመጣችሁ ስድስት ሰባት ሰዎች አያለሁ፤ ወደ ጠረጴዛው ከመምጣታችሁ በፊት ከየት እንዳነሣችሁት፣ መቼ እንደሆነና ማን አብሯችሁ እንደነበር ጻፉበት። ከዚያ አንድ በአንድ እናያቸዋለን፤ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት እናቴ ይቅደሙ።